ሁሉም በሚተዋወቅበት ደሴት ላይ ምስጢር የለም ያለው ማነው?

ሰሞኑን ጎንደር ውስጥ በሥነ ጽሑፍ ወዳጆች መሃል ሲያነጋግር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። መነሻው እንዲህ ነው። ጥቂት ወጣት ጸሐፍት ታሪኩ ጣና ላይ የሚሆን የወንጀል ልብወለድ ለመጻፍ አስበዋል። ቦታው ሁሉም ሰው የሚተዋወቅበት አንድ ደሴት ነው። ሰው ይገደላል፤ ገዳዩ ይፈለጋል። የጽሑፉ ባለቤት ይህን ሐሳብ በእንጭጩ ሊቀጩት ፈልገዋል። እንዲህ ያለ ልብወለድ ለእኛ አይሆንም ይላሉ።

ምክንያታቸው አምስት ነው። ሰው በሚተዋወቅበት ቦታ ምስጢር ስለማይኖር ታሪኩ አይቆምም። ደሴት የፈረንጅ ደራሲዎች ሰው ቆልፈው ለማስጨነቅ ያመጡት ዘዴ ነው። የእኛ ባህል እርቅ እንጂ ምርመራ አይደለም። ጣና የተቀደሰ ቦታ ስለሆነ እዚያ ላይ ግድያ መጻፍ ድፍረት ነው፤ የአገርንም ገመና ያወጣል። አምስተኛው ደግሞ፣ የወንጀል ልብወለድ ገዳዩ ከታወቀ በኋላ የሚጣል ንባብ ነው የሚል ነው።

ጽሑፉ በጨዋ ቋንቋ የተጻፈ ነው። ጸሐፊው ለአገሩ ስም እንደሚቆረቆሩ ከመስመር መስመር ይታያል። እኔም የምቆረቆረው ለዚያው አገር ነው። ለዚህም ነው ዝም ማለት ያቃተኝ።

የመጀመሪያው ነጥብ ላይ ቆየት እላለሁ። የቀሩት የቆሙት በእሱ ላይ ነው።

ጸሐፊው እንደሚሉት ወንጀል የሚደበቀው ማንም ማንን በማያውቅበት ከተማ ነው። መንደር ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ ማን የማንን ድንበር እንደገፋ፣ የማን ልጅ የማንን ልጅ እንደጠለፈ ይታወቃል። ሰው ቢገደል ነገሩ አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ነው። ታዲያ መርማሪ ምን ይሠራል?

እውነት ነው፣ ይታወቃል። ማወቅና መናገር ግን ለየቅል ናቸው። ጎንደር ዙሪያ ገጠር ያደገ ሰው ይህን አያጣውም። አንድ ሰው ሌሊት ተመትቶ ያድራል። ጠዋት ለቅሶ ይቀመጣል። ከለቀስተኛው ግማሹ የመቺውን ስም በሆዱ ይዞ ነው የሚያለቅሰው። ንፍሮ ይዞራል፣ ቡና ይዞራል፣ ስሙ ግን አይነሳም። ፖሊስ መጥቶ ሲጠይቅ አንዱ «ተኝቼ ነበር» ይላል። ሌላው «ውሻ ሲጮህ ሰምቻለሁ፣ ከዚያ ወዲያ አላውቅም» ይላል። እነዚህ ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። የመቺው እናት የሟቹ ልጅ ክርስትና እናት ትሆናለች። የመቺው አጎት ከምስክሩ ጋር በሬ የሚቀናጅ ሰው ይሆናል። ዛሬ ስም የጠራ ሰው ነገ ለእርሻ በሬ ያጣል፣ ማኅበሩ ላይ ፊት ይነሱታል፣ ከሁሉም የባሰው ደግሞ ለልጆቹ ደመኛ ያተርፋል። ስለዚህ ሆድ ይፍጀው ይባላል።

ደሴት ላይ ደግሞ ይህ ሁሉ ይብሳል። የብስ ላይ ያለ ሰው ቢጨንቀው ወንዝ ተሻግሮ ዘመድ ቤት ይገባል። ከጣና ደሴቶች ትልቁ ደቅ ነው። ሰው እያረሰ፣ አሳ እያጠመደ፣ ልጅ እየዳረ ይኖርበታል። እዚያ ላይ የሟች ወንድምና የገዳይ ወንድም በአንድ ጀልባ ነው ገበያ የሚሄዱት። ሲመለሱም አንድ ላይ ነው። ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ እህል ዋጋ ያወራሉ። ይህን ትዕይንት አንድ ጥሩ ደራሲ እጅ ውስጥ አስቡት። የትኛው የከተማ ታሪክ ነው ይህን ያህል ውጥረት የሚሰጠው?

እንግዲህ በእንዲህ ያለ ቦታ የሚጻፍ የወንጀል ልብወለድ አንባቢውን የሚያስጨንቀው «ማን ገደለ?» በሚለው ጥያቄ ብቻ አይደለም። ማን ያውቅ ነበር? ለምን ዝም አለ? ዝም በማለቱ ማን ተጎዳ? እነዚህ ጥያቄዎች ሰው በማይተዋወቅበት ሰፈር ክብደት የላቸውም። እርስ በርሱ የተሳሰረ ሕዝብ ይፈልጋሉ።

የወንጀል ልብወለድ የከተማ ሥነ ጽሑፍ ነው የሚለው ሐሳብም ቢሆን የዘርፉ የራሱ ታሪክ የሚቃወመው ነገር ነው። በእንግሊዝ ልብወለድ ዝነኛው መርማሪ ሼርሎክ ሆምስ የለንደን ሰው ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ1892 በወጣ አንድ ታሪክ ላይ በባቡር ወደ ገጠር ሲሄድ፣ ጓደኛው ዋትሰን የገበሬዎቹን ቤቶች አይቶ በውበታቸው ሲደነቅ፣ እሱ እንደሚፈራቸው ይነግረዋል። እዚያ የሚሠራው ግፍ ከከተማው ጉራንጉር እንደሚብስና ሰሚ እንደሌለው ነው የሚያስረዳው። ይህ ከ130 ዓመት በላይ የሆነው ሐሳብ ነው።

ቀረብ ያለ ምሳሌ ላምጣ። እንግሊዛዊቷ ደራሲ አን ክሊቭስ እ.ኤ.አ. በ2006 «ሬቨን ብላክ» የተባለ ልብወለድ አሳተመች። በዚያው ዓመት የብሪታንያ የወንጀል ጸሐፍት ማኅበር ትልቁን ሽልማት ሰጣት። ታሪኩ ሼትላንድ ላይ ነው። ከስኮትላንድ በስተሰሜን ባሕር ውስጥ ያሉ ደሴቶች ናቸው። የሁሉም ደሴቶች ነዋሪ ቢደመር 23 ሺህ ገደማ ነው። በጥር ወር በረዶ ላይ አንዲት ወጣት ሞታ ትገኛለች። ከዚያ ማንም ሳይመክርበት የመንደሩ ሰው ሁሉ ዓይን ወደ አንድ ሽማግሌ ይዞራል። ብቻውን የሚኖር፣ አነጋገሩ ከሰው የማይገጥም ሽማግሌ ነው። ከዓመታት በፊት አንዲት ሕፃን ጠፍታ በነበረ ጊዜም የተጠረጠረው እሱ ነበር። መርማሪው ጂሚ ፔሬዝ እንግዳ አይደለም። ፌር አይል ከምትባለው ትንሽ ደሴት የወጣ የዚያው አገር ልጅ ነው። ገዳዩን አልነግራችሁም። ከገዳዩ በላይ ውስጤ የቀረው ግን ያ መንደር ጣቱን ለመቀሰር የፈጠነበት ፍጥነት ነው።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የምንለው እኛ አይደለንም እንዴ?

ይህን ወደ ጣና አምጡት። ጣና ዳር ወይጦዎች አሉ። ከደንገል ታንኳ የሚሠሩት፣ የሐይቁን ጠባይ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ድሮ ጉማሬ ያድኑ ስለነበር ሌላው ሕዝብ አብሯቸው አይበላም፣ አይጋባም ነበር። ዛሬም የዚያ ንቀት ርዝራዥ ጠፍቷል የሚል ሰው ካለ አላምነውም። ጎንደር ከተማና ዙሪያዋ ደግሞ ሸክላ የሚሠራውን፣ ብረት የሚቀጠቅጠውን ሰው ቡዳ ሲሉ የኖሩ ሰፈሮች አሉ። ልጅ ድንገት ቢታመም የማን ስም ቀድሞ እንደሚነሳ ሁላችንም እናውቃለን። አሁን አንድ ጠዋት ሐይቁ ዳር አስከሬን ተገኘ እንበል። መጀመሪያ የሚታሰረው ማነው? ይህን ጥያቄ በድፍረት የሚጠይቅ ልብወለድ በአማርኛ ቢጻፍ ውለታ ነው። ጸሐፊው «ምስጢር የለም» ባሉት ቦታ ላይ ከሁሉ የከበደው ምስጢር ተቀምጧል።

ሁለተኛው ነጥብ ብዙ አያቆየንም። ጸሐፊው ደሴት የመድረክ ዕቃ ነው፣ ሰው እንዳይወጣ መቆለፊያ ነው ይላሉ። በልባቸው ያሉት የእንግሊዛዊቷ የወንጀል ደራሲ የአጋታ ክሪስቲ ዓይነት ታሪክ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1939 ባሳተመችው ዝነኛ መጽሐፍ አሥር ሰዎች አንድ ደሴት ላይ ተጋብዘው አንድ በአንድ ያልቃሉ። እነዚያ ሰዎች ግን የደሴቱ ሰዎች አይደሉም። እርስ በርስም አይተዋወቁም። ሰብስቦ ያመጣቸው የግብዣ ደብዳቤ ነው። በዚያ መጽሐፍ ደሴቱ በእርግጥም ቁልፍ ነው። ሰው ተወልዶ፣ ተድሮ፣ ተቀብሮ የሚኖርበት ደሴት ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን አደባልቆ በአንዱ ጥፋት ሌላውን መቅጣት አይገባም።

ደግሞስ ጣና ላይ ውኃው ራሱ ሥራ አለው። ጎርጎራ ወደብ ጠዋት ወርዶ ታንኳ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ታንኳ ከደንገል የተጠፈረ ነው። ደረቅ ከሆነ አንድ ሰው አንስቶት ይሄዳል። ውኃ ላይ ሲውል ደንገሉ ውኃ ይጠጣል፣ ይከብዳል። ስለዚህ ባለቤቱ ሲወርድ ዳር ላይ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያቆመዋል። ካልደረቀ ቶሎ ይበሰብሳል። እንግዲህ አንድ ሰው «ማታ ከቤቴ አልወጣሁም» ቢልና ታንኳው በጠዋት ሲነካ ውኃ የሚያንጠባጥብ ቢሆንስ? ይህን ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። አገሩን የሚያውቅ ዓይን ይበቃል። እምቦጩም አለ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ሐይቁን የወረረው ይህ አረም በደምቢያና በጎንደር ዙሪያ በኩል የታንኳ መንገድ ይዘጋል። ነፋስ ሲነሳ ደግሞ ከቦታ ቦታ ይነዳል። ትናንት መንገድ የነበረው ዛሬ አይታለፍም። በየትኛው በኩል ማን ሊያልፍ እንደሚችል፣ በየትኛውስ ሌሊት፣ የሚያውቁት ጥቂት ሰዎች ናቸው። ይህ ሁሉ ታሪክ የሚሸከም ነገር ነው። የመድረክ ዕቃ አይባልም።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ጸሐፊው በጣም እርግጠኛ ናቸው። እኛ ሽማግሌ እንጂ መርማሪ አናውቅም ይላሉ። ደም ሲፈስ ሽማግሌ ይገባል፣ ገዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ካሳ ይከፈላል፣ ደም ይደርቃል። ኮት ደርቦ ሰው የሚያስጨንቅ መርማሪ ከዚህ ባህል ጋር አይሄድም ነው ነገሩ።

ሽምግልናን አልንቅም። ብዙ ቤት ከመጥፋት አድኗል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ሽማግሌዎቹ የሚያስታርቁት ማንን ከማን ጋር ነው? ገዳዩ ካልታወቀ እርቅ የሚባል ነገር አይጀመርም። ከእርቁ በፊት የማጣራት ሥራ አለ። አባቶቻችንም ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር።

አውጫጭኝ ምን ነበር? ቤት ተቃጥሎ፣ ከብት ተሰርቆ ወይም ሰው ተገድሎ አድራጊው ሳይታወቅ ሲቀር ያገሩ ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይጠራል። የቀረ ይቀጣል። ሥራው ተፈትቶ፣ እርሻው ቆሞ፣ ሰው እየተጠየቀና እየማለ ይውላል። አጥፊው ካልወጣ አገሩ በጋራ ካሳ እንዲከፍል የሚደረግበት ጊዜ ነበር። እስቲ ይህን በወንጀል ልብወለድ ዓይን ተመልከቱት። ተጠርጣሪው ሁሉ አንድ ቦታ ተሰብስቧል። ገዳዩ መሃላቸው ተቀምጧል፤ ምናልባትም የሚያውቀው ሰው አጠገቡ አለ። ሁለቱም ይምላሉ። ፈረንጅ ደራሲ ተጠርጣሪዎችን አንድ አዳራሽ ለመሰብሰብ ስንት ገጽ ይደክማል! እኛ ዘንድ የተለመደ ሥርዓት ነበር።

ሌባሻይም ነበር። ለአንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣል፣ ልጁ በገመድ ተይዞ ይለቀቃል፣ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ስንት ንጹሕ ሰው በዚያ እንደተዋረደ መገመት አያዳግትም። ገመዱን የያዘው ሰው ልጁን ወዴት እንደጎተተስ ማን ጠየቀ? ይህች አንዲት ጥያቄ ብቻዋን አንድ ልብወለድ ትወጣዋለች።

መንገዱም ጨርሶ ያልተረገጠ አይደለም። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በእንግሊዝኛ የጻፈው «አፈርሳታ» (የአውጫጭኝ ሌላ ስሙ ነው) እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የወጣ ነው። ጉራጌ አገር አንድ ጎጆ ይቃጠላል፤ ያቃጠለውን ለማግኘት የየመንደሩ ሰው ተሰብስቦ ይቀመጣል። ኢትዮጵያዊ ደራሲ፣ ኢትዮጵያዊ መንደር፣ ኢትዮጵያዊ ምርመራ። በአማርኛም ቢሆን ይልማ ሀብተየስ የወንጀል ምርመራ ልብወለድ ሲጽፍ አንባቢ አላጣም። ጸሐፊው «ለእኛ እንግዳ ነው» ያሉት ዘርፍ ብዙዎቻችን ሳንወለድ እዚህ ነበር።

ከዚህም የሚቀድም አለ። ሶስናን የማያውቅ የሰንበት ተማሪ የለም። ሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎች በአንዲት ንጽሕት ሴት ላይ በሐሰት ይመሰክራሉ። ሕዝቡ ሽማግሌ ነውና የተናገረው ብሎ ያምናል፤ ሞት ይፈረድባታል። ዳንኤል ገና ወጣት ነው። ሁለቱን ለያይቶ ለየብቻ ይጠይቃቸዋል። በየትኛው ዛፍ ሥር አያችኋት? አንዱ ሌላ ዛፍ፣ ሌላው ሌላ ዛፍ ይጠራል። አለቀ። ሽማግሌዎቹ ወንጀለኞች፣ ወጣቱ መርማሪ፣ ማስረጃው የቃል አለመጣጣም ነው። ይህን ታሪክ ቤተ ክርስቲያናችን በቅዱስ መጽሐፏ ይዛ ስታነብልን ኖራለች። ምርመራ ከባህላችን ጋር አይሄድም ማለት እንዴት ይቻላል?

በአንድ ነገር ግን ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ከፊልም የተቀዳ፣ ጥቁር መነጽር ያደረገና ሽጉጥ የሚያሽከረክር መርማሪ ጣና ላይ ቢያርፍ አንባቢ አያምነውም። መርማሪው ከጎንደር የተላከ ምክትል ኢንስፔክተር ሊሆን ይችላል። እናቱ በጋብቻ ከደሴቱ ሰዎች ጋር የምትዛመድ ብትሆን ደግሞ ነገሩ ይከርራል። ወይም መርማሪው ጨርሶ ፖሊስ ላይሆን ይችላል። ቀበሌ ጸሐፊ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ የሟች እህት። እርቅ ወርዶ ምስክር ሁሉ ቃሉን ካጠፈ በኋላ «እኔ ግን ማወቅ እፈልጋለሁ» የምትል አንዲት እህት። በሕጉ ነፍስ ግድያ በሽማግሌ እርቅ የሚዘጋ ክስ አይደለም። መንደሩ ግን ዘግቶታል። በሕጉና በመንደሩ መሃል የቆመች ሴት ታሪክ የእኛ ካልሆነ የማን ሊሆን ነው?

አራተኛው ነጥብ ስሜት የሚነካ ስለሆነ በጥንቃቄ ልናገር። ጣና ላይ 37 ደሴቶች አሉ ይባላል፤ ብዙዎቹ ላይ ገዳም ወይም ቤተ ክርስቲያን አለ። ዳጋ እስጢፋኖስ የነገሥታት አጽም ያረፈበት ነው። የዘርዐ ያዕቆብም፣ ጎንደርን የቆረቆሩት የፋሲልም እዚያ ነው። ደቅ ላይ ያለችውን ናርጋ ሥላሴን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ስለዚህ ቦታው ለእኛ ለጎንደሮች የአያቶቻችን ቤት ነው። ጸሐፊው ክብሩ አይደፈር ሲሉ ይገባኛል።

ግን ክብሩን የሚያስደፍረው ታሪክ መጻፍ ነው? ደብረ ብርሃን ሥላሴን የተሳለመ ሁሉ ያሠሩት ታላቁ ኢያሱ መሆናቸውን ያውቃል። ኢያሱ እንዴት እንደሞቱስ? ቅድስት ክርስቶስ የምትባል የሚወዷት እቁባታቸው ስትሞት ሐዘን ጣላቸው፤ ጣና ደሴት ገቡ። ጎንደር ያሉት መኳንንት ደሴት የገባ ንጉሥ ዙፋኑን ትቷል አሉ። መለኮታዊት ከኢያሱ የወለዱትን ልጃቸውን ተክለ ሃይማኖትን አነገሡ። ኢያሱ ሊመለሱ ተነሥተው ነበር፤ በሽታ ያዛቸውና ወደ ደሴቱ ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1706 እዚያው ተገደሉ። የመለኮታዊት ሁለት ወንድሞች እጅ ነበረበት። ልጅየውም አባቱ ከተገደሉ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ተገደለ፤ ታሪክም ርጉም ተክለ ሃይማኖት ብሎ አስቀርቶታል። ቀጥለው የነገሡት የኢያሱ ወንድም ቴዎፍሎስ መለኮታዊትንና ወንድሞቿን በሞት ቀጡ።

ደሴት፣ ቤተሰብ፣ ዙፋን፣ ግድያ፣ ከዚያም ፍርድ። ይህን ማንም የፈረንጅ ደራሲ አልፈጠረውም። የጎንደር ዜና መዋዕል ጸሐፊዎች፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች የሆኑ ሊቃውንት፣ ሳይሸፋፍኑ ጽፈው ለእኛ አስተላልፈዋል። የተቀደሰ ቦታ ላይ ደም ፈሰሰ ብለው ቀለሙን አልደፉትም። እነሱ ያልፈሩትን እኛ በምን ምክንያት እንፈራለን?

አንድ ደራሲ ግን ቦታውን ሳያውቅ ቢጽፍ ጸሐፊውን ደግፌ እቃወመዋለሁ። ዳጋና ክብራን ሴት አትገባባቸውም። ይህን ሳያውቅ አንዲት ገጸ ባሕርይ ዳጋ ቅጥር ውስጥ ቢያስገባ ያሳፍራል። መነኮሳትን ለማስደንገጫ ብቻ መጠቀምም ነውር ነው። ግን የንስሐ አባትን አስቡ። ገዳዩ መጥቶ ተናዘዘ። ካህኑ ቀኖና ሰጡት፤ ለሰው መናገር አይችሉም። በማግስቱ ደግሞ በዚያው ግድያ የተጠረጠረ ንጹሕ ሰው እጁ ታስሮ ሲወሰድ ያያሉ። እኚህ ካህን ሌሊቱን እንዴት ያድራሉ? ይህን በክብር የሚጽፍ ሰው ክህነትን አላቃለለም። ሸክሙን ነው ያሳየን።

ገመና ስለሚባለው ነገር ደግሞ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ያንገበግበኛል። ገመና ይሸፈን ስንል ብዙ ጊዜ የምንሸፍነው የበደለውን ነው። የተበደለው ምን ይሸፈንለታል? የሟች እናት ለዓመታት በየገበያው፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ልጇን የገደለውን ሰው እጅ ትነሳለች። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ያያታል፣ ማንም ምንም አይላትም። የአገሩ ስም የሚጠበቀው በእሷ ጉሮሮ ላይ ተቁሞ ከሆነ እንዲህ ያለው ስም ይቅርብን። ልብወለድ የማንንም ስም ሳይጠራ፣ ማንንም ሳይከስ፣ የእሷን ዝምታ ሊያሰማ ይችላል። የጋዜጣ ዜና ይህን ማድረግ አይችልም፤ የፍርድ ቤት መዝገብም አይችልም።

የቀረው አምስተኛው ነው፤ አጭር ነው። ገዳዩ ከታወቀ መጽሐፉ ይጣላል ይላሉ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር» ስንት ጊዜ አነበብነው? በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ስንት ጊዜ ሰማነው? መጨረሻው ገና ከሽፋኑ ላይ ተጽፎ ነበር። መጨረሻውን ማወቃችን መች ከለከለን? አንዳንድ ተራ የወንጀል መጻሕፍት አንዴ ተነበው እንደሚያልቁ አልክድም። ተራ የፍቅር ልብወለድም፣ ተራ የታሪክ ልብወለድም እንዲሁ ነው። ይህ የዘርፉ ጥፋት አይደለም። እንዲያውም ጥሩ የወንጀል ልብወለድ ለሁለተኛ ጊዜ ሲነበብ ይጣፍጣል። ገዳዩን እያወቅን ስናነብ እያንዳንዱ ሰላምታ፣ እያንዳንዱ «እንደምን አደርክ» ሌላ ትርጉም ይይዛል። ለቅሶ ቤት ማን ንፍሮ እንዳልበላ ያኔ ነው የምናስተውለው።

ለወጣቶቹ ጸሐፍትም አንድ ቃል አለኝ። ከጸሐፊው ጽሑፍ ውስጥ ያልተነሳው ትልቁ ጥያቄ ማን ይጻፈው የሚለው ነው። እኛ ፒያሳ ቡና ይዘን የምናወራ ጎንደሮች ለደቅ ሰው እንግዶች ነን። የጎርጎራ አሳ አጥማጅ የቆሮሶውንና የአምባዛውን መረብ፣ የነፋሱን ሰዓት፣ ማን ከማን ጋር በአንድ ጀልባ እንደማይሳፈር ያውቃል። እኛ አናውቅም። ስለዚህ ከመጻፋችሁ በፊት ሂዱና ተቀመጡ። ማስታወሻ ደብተር አታውጡ፤ መጀመሪያ ሰው ልመዱ። ከደሴቶቹ የወጡ፣ ዛሬ ጎንደርና ባሕር ዳር የሚማሩ ልጆች አሉ። አብረዋችሁ ይጻፉ፣ ወይም እነሱ ይጻፉት፣ እናንተ ረቂቁን አንብቡላቸው። ረቂቁ ሲያልቅም ይህን ጽሑፍ ላስጻፉኝ ሰው ቀድማችሁ ስጧቸው። የአገሩን ወግ አጥብቀው የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ የት ላይ እንደሳታችሁ ከማንም በተሻለ እሳቸው ይነግሯችኋል።